ቦጂ፦ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ወለጋ ገጠር እንዴት ገባች? ምንስ ታምናለች?

#1 የቢላው (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሌላ ክር ላይ አንድ ሰው "መካነ ኢየሱስ ማለት ስዊድኖች ወለጋ ላይ የከፈቱት ቅርንጫፍ ነው" ብሎ ጽፎ ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔ ያደግኩት ምዕራብ ወለጋ ቦጂ ነው። አያቶቼም ወላጆቼም የዚያው ማኅበረ ምዕመናን አባላት ናቸው። መካነ ኢየሱስ ማለት የኢትዮጵያ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት። ነገሩ እንዲህ በአንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ለብቻው ክር ልክፈትለት አልኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የስዊድን ሚሲዮናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። የልባቸው ሐሳብ ኦሮሞ ምድር መግባት ነበር። ይህን ሐሳብ የሰጣቸው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ኖሮ የሄደው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ነው። ግን መንገድ አጡ። በሱዳን በኩል ሞከሩ፣ በሸዋ በኩል ሞከሩ፤ አልሆነም። በመንገድ ላይ በበሽታ የቀሩም አሉ። እስከዚያው ከምጽዋ አጠገብ ምኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚገለበጠው። እነሱ ወደ ኦሮሞ መሄድ ሲያቅታቸው፣ የኦሮሞ ልጆች በባሪያ ነጋዴ ተነድተው እነሱ ዘንድ ደረሱ። ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ሂካ የሚባል ልጅ ገና በሕፃንነቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ነፃ ወጣ። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ የምንላቸው እሳቸው ናቸው። በኋላ ስዊድን ሄደው ተማሩና ተመልሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመሩ። ፊደሉ የግዕዝ ነው። አዲስ ኪዳን በ1893 ወጣ። ሙሉው በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ታተመ።

ብቻቸውን አልሠሩትም። አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ነበረች። እሷም በባርነት ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል የጣሊያን መርከበኞች ያስጣሏት ናት። ኦኔሲሞስ በልጅነታቸው ከአገር ስለወጡ ቋንቋው ሳስቶባቸው ነበር። የእሷ ግን ሙሉ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር የኦሮምኛ ቃል መዝግባለች። ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ እንቆቅልሹን ሰብስባለች። ሁለቱ በ1894 የንባብ መማሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። በእኔ አስተያየት የአስቴርን ያህል ውለታዋ የተረሳ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ቦጂ። በ1898 ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሚባሉ የሐማሴን ሰው እና ዳንኤል የሚባል ኦሮሞ ባልደረባቸው ቦጂ ገቡ። ቀርቀሮ የሚባለው ቦታ ነው። ፈረንጅ አብሯቸው የለም። የያዙት የኦኔሲሞስን አዲስ ኪዳን ነው። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለትም ኩምሣ ሞረዳ፣ ፈቀዱላቸው። ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የተቀመጡት በኦርቶዶክስ ደብር ካህንነት ነው! እዚያው ሆነው በኦሮምኛ አነበቡ፣ በኦሮምኛ ሰበኩ፣ ልጅ አስተማሩ። በ1905 ቤት ሲቃጠል ሰው ሊያድኑ ገብተው በእሳቱ ሞቱ።

እንግዲህ ቁጠሩ። የተርጓሚው አገር ኢሉባቦር፣ የሰባኪው አገር ሐማሴን፣ ያስጠጋቸው ገዥ የነቀምቴ ባላባት። "ቅርንጫፍ" የሚለው የቱ ጋ ነው?

#2 ዘ_እንጦጦ

ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ልጠይቅህ። ካህኑ በደብራችን ካህንነት ካገለገሉ መለያየቱ ከየት መጣ? ነገሩን ስሰማው በጓሮ የገባ ትምህርት ይመስላል። ደግሞ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጪውን የሸፈነው ማን ነው? ስዊድን አይደለም?

#3 የቢላው

@ዘ_እንጦጦ ገንዘቡማ የስዊድን ገበሬዎች ነው፣ አልካድኩም። ምኩሉም የተሠራው በእሱ ነው። እኔ ያልኩት ማኅበሩን የተከለው ማን ነው የሚለውን ነው።

ስለ መለያየቱ፦ መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንመሥርት ብለው አልመጡም። ይህ ከኤርትራ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሐማሴን ፀዓዘጋ ላይ ቀሳውስቱ ራሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀምረው፣ ጥያቄ አንሥተው፣ ኋላ ነው የተገፉት። ቀድሞ ንባቡ፣ ከዚያ ጠቡ፣ ሚሲዮኑ ጋ መጠጋት በመጨረሻ። ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከዚያው አገር የወጡ ናቸው። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይሰማ፣ ካህኑም ያስተምር ነው ነገራቸው።

ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ገብተው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ግን ነገሩ ከረረ። "እመቤታችንን ሰድበዋል" ተብለው ተከሰሱ። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር ይውጡ ተብሎ ተፈረደ። አፄ ምኒልክ አሻሻሉት፦ ነቀምቴ ይቀመጡ፣ አይስበኩ። የሰው ልጅ ነገር፣ ከባርነት አምልጠው የመጡበት አገር ላይ አፋቸው ታሰረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ናቸው ፈቃዱን የሰጧቸው። በ1931 እዚያው ነቀምቴ አርፈዋል።

የአንተን ወገን ስሜት አልንቅም። ለዚያ ዘመን ካህን ቅዳሴው ግዕዝ ነው፣ ሥርዓቱ የአባቶች ነው። ከምጽዋ የመጣ ሰው መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ቢደነግጥ አይገርምም።

#4 ዘ_እንጦጦ

ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ጨምርበት፦ ወለጋ ላይ የደብሩ ካህን ሲታይ መንግሥትም አብሮ ይታይ ነበር። ነፍጠኛው፣ ገባሩ፣ ሁሉም። ስለዚህ ሕዝቡ አዲሱን ትምህርት የተቀበለው ሁሉ ስለ መጽደቅ አስቦ ነው ብለህ እንዳታስረዳኝ።

#5 የቢላው

አልልህም። ፊደል መቁጠር የፈለገ ነበረ፣ መድኃኒት የፈለገ ነበረ፣ በቋንቋው ሲጠሩት ደስ ያለው ነበረ። ከቃሉ (መንፈስ ከሚያናግረው የኦሮሞ ባህላዊ አዋቂ) ቤት ፍርሃት መውጣት የፈለገም ብዙ ነው። አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም።

#6 አይራ_ቀበና

የቢላው፣ እናንተ ቦጂዎች ሁሌ አንደኛ ነን ትላላችሁ 😄 እውነት ነው፣ አንደኛ ናችሁ። ግን የአይራን ታሪክ ካልጨመርክ ወለጋ አልሞላም። የእኛን ማኅበር የተከሉት ሉተራኖች ጀርመኖች ናቸው፣ የሔርማንስቡርግ ሚሲዮን።

የእነሱ ነገር ደግሞ ያስቃልም ያሳዝናልም። ሉድቪግ ሐርምስ የሚባል የገጠር ቄስ ነው ሚሲዮኑን በ1849 የጀመረው። ገበሬዎቹን አስተባብሮ መርከብ አሠራ። ስሟን "ካንዳኬ" አላት፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ባለችው በኢትዮጵያ ንግሥት ስም። በ1853 ተነሡ፤ አድራሻቸው ኦሮሞ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አድርገው ሊገቡ ሲሉ ተከለከሉ። ዞረው ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ገቡና እዚያ ቀሩ። ወለጋ የደረሱት በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው! ሚሲዮናዊው ዲትሪሽ ቫስማን በ1928 አይራ ተከለ። አስቡት፣ የላኩት መልእክት ሰባ ዓመት ከምናምን ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ስዊድኖቹ ተባረሩ። ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ ጀርመኖቹ በተራቸው ሄዱ። ማኅበሩን ማን ያዘ? ቄስ ዳፋ ጃሞ። የአገሬው ሰው ናቸው። ፈረንጆቹ ሲመለሱ ያገኙት ከተዉት የበዛ ሕዝብ ነው። ይህ ለአንተም ክርክር ይጠቅምሃል፣ ውሰደው።

ሆስፒታሉ አሁንም አለ። በኦኔሲሞስ ስም የሚጠራው ሴሚናሪም አይራ ነው፣ ቦጂ አይደለም። ይህችን እንኳ ተዉልን 😄

#7 ጥያቄ_አለኝ

ሁለት የማይገናኙ ሚሲዮኖች ከሆኑ ትምህርታቸው አንድ ነበር? ሉተራን ማለት ራሱ ምንድነው? አዲስ አበባ ላይ "ጰንጤ" ብለን አንድ ላይ ነው የምንጠራቸው።

#8 ትምህርተ_ሰንበት

ይህን ልመልስ። በገጠር ማኅበረ ምዕመናን ለብዙ ጊዜ ልጆች አስተምሬአለሁ።

ሉተራን የሚለው ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ትንሽ መጽሐፍ አለ፦ የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም፣ 1529። አሥርቱ ትእዛዛት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ አባታችን ሆይ፣ ጥምቀት፣ ኑዛዜ፣ የጌታ እራት። ያ ነው። የተጻፈው ለቤት አባወራ ነው፣ ለሊቅ አይደለም። ሉተር በሳክሶኒ ገጠር ዞሮ ሕዝቡ አባታችን ሆይን እንኳ እንደማያውቅ፣ አንዳንዱ ቄስም ማስተማር እንደማይችል ሲያይ ተናዶ የጻፈው ነው። እኛ ገጠር ውስጥ የጎጆው አባት ለልጆቹ ሲያስጠናቸው ስታይ፣ መጽሐፉ ለእንዲህ ያለ ቤት መጻፉ ይገባሃል። ሌላው በ1530 የቀረበው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ ነው። እሱን ገበሬው አያነበውም፣ ቄሱ ግን ይማረዋል።

ዋናው ነገር ጽድቅ ነው። ሰው በሥራው ብዛት እግዚአብሔር ፊት አይጸድቅም፤ በክርስቶስ ምክንያት፣ በጸጋ፣ በእምነት ይጸድቃል። መልካም ሥራ ይከተላል እንጂ አይቀድምም። ይህ በወሬ ቀላል ነው። ገጠር ላይ ግን ሰው ሁሉ የሆነ ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፦ ለቃሉ የተሳለው፣ ለአቴቴ መንፈስ ያልሰጠው፣ የአባቱ ቃል ኪዳን። "ተከፍሏል" ስትለው በመጀመሪያ አያምንህም። "ለማን ተከፈለ? ማን ከፈለ?" ይልሃል። ስብከቱ እዚያ ላይ ነው የሚሠራው።

ሕፃን ይጠመቃል። ልጁ ከፍ ሲል ካቴኪዝሙን ተምሮ በማኅበሩ ፊት እምነቱን በአፉ ይመሰክራል። ከዚያ ነው ወደ ጌታ እራት የሚቀርበው። በእራቱ ላይ የክርስቶስ ሥጋና ደም በእውነት አለ ብለን እናምናለን፤ መታሰቢያ ብቻ ነው አንልም። በዚህ ከሌሎቹ ፕሮቴስታንቶች ይልቅ ለኦርቶዶክስ እንቀርባለን። ይህን ስናገር አንዳንድ የራሳችን ሰዎች ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል፣ ግን መጽሐፋችን ይኸው ነው።

ስለ ስዊድንና ጀርመን ጥያቄህ፦ እምነቱ አንድ ነው፣ ጠባዩ ይለያያል። የስዊድኑ ማኅበር በ1856 የተቋቋመው ከመነቃቃት ንቅናቄ ነው። መጽሐፍ ማንበብ፣ በቤት መሰብሰብ፣ መዝሙር፣ መጠጥ መተው። ጀርመኖቹ ለሥርዓተ ቅዳሴውና ለእምነት መግለጫው ጠበቅ ይላሉ። ወለጋ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ጠላና አረቄ አለመንካቱ ከመነቃቃቱ የመጣ እንጂ ከሉተር አይደለም። የሉተር ሚስት ካታሪና እቤቷ ቢራ ትጠምቅ ነበር፤ እሱም ያመሰግናት ነበር። ይህን ለሽማግሌዎቻችን ነግሬ አላውቅም 😄

#9 ዳግም_ልደት

ትምህርተ ሰንበት፣ ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው፤ ግን ሕፃን ምን ብሎ ያምናል? "ያመነ የተጠመቀም ይድናል" ነው የሚለው። እምነት ይቀድማል። እናንተ ኦርቶዶክስን ተቸታችሁ ወጥታችሁ ያንኑ ጥምቀት ይዛችሁ ቀራችሁ። በልሳን መናገር ሲመጣም የገፋችሁት እናንተ ናችሁ።

#10 ትምህርተ_ሰንበት

@ዳግም_ልደት ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፣ በየዓመቱም ከተማ ደርሶ የሚመለስ ወጣት ይጠይቀኛል። የእኛ መልስ፦ ጥምቀት የእኔ ምስክርነት ከሆነ መዘግየት አለበት። የእግዚአብሔር ሥራ ከሆነ ግን ሕፃኑ ምንም ሳያመጣ መቀበሉ ነው ጸጋን የሚያሳየው። ከዚህ በላይ በዚህ ክር ላይ አንጨርሰውም። አምስት መቶ ዓመት ያልጨረሱትን እኔና አንተ በስልክ ኪቦርድ አንጨርስም።

ስለ ልሳን ግን ሙሉውን ተናገር። በ1970ዎቹ የልሳኑ መነቃቃት ሲመጣ ግጭት ነበር፣ ልክ ነህ። አንዳንድ ቦታ ወጣቶች ተገፍተው ወጥተዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በጠቅላላው ግን አላባረረችም፤ ተወያይታ ቦታ ሰጠች። ዛሬ ገጠር ብትሄድ በዚያው ሰንበት ሥርዓተ ቅዳሴ አለ፣ እጅ እየዘረጋ የሚጸልይም አለ፣ አጋንንት የሚወጣላቸውም አሉ። ጀርመን የመጣ እንግዳ ግራ ገብቶት ሲያይ አይቻለሁ።

#11 የነጆዋ

ልጆቼ፣ የወጣት ነገር ነው ብዬ ዝም ብል ነበር። አያት ነኝ፤ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

እናንተ ስለ መጻሕፍት ታወራላችሁ። ስለ ማኅበሩ ኑሮ ልንገራችሁ። በእኛ ጊዜ ገንዘብ የለም። ሰው ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው በቆሎ ነው፣ ቡና ነው፣ ዶሮ ነው። ከስብከት በኋላ ጨረታ ይወጣል። አንዷ ያመጣችውን ዳቦ አንዱ ይገዛዋል፤ ገዝቶ መልሶ ይሰጠዋል፤ እንደገና ይሸጣል። አንድ ዳቦ ስንት ጊዜ ይሸጣል! የቆርቆሮው ክዳን በዚያ ነው የተገዛው። ማገሩንና ጭቃውን ወንዶቹ፣ ውኃውን እኛ ሴቶቹ። ሚሲዮን ነው የሠራው የሚል ካለ ትከሻዬን ይጠይቅ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ በቤተ ክርስቲያናችን በየምሥራች ድምፅ። አማርኛ ነበር። በቤት ኦሮምኛ፣ በመጽሐፍ አማርኛ። ማታ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እንሰማለን፤ ያለው ሰው ቤት ተሰብስበን። ሬዲዮ ያለው አንድ ሰው ነው።

ከዚያ ደርግ ሬዲዮውን ወሰደ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋ። የእኛ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆነ። ወንበሮቹ የት እንደገቡ እስከዛሬ አላውቅም። ሽማግሌዎች ታሰሩ። እኛ ማታ ማታ እየተዘዋወርን እንጸልይ ነበር። አንዴ ልቅሶ ቤት፣ አንዴ ቡና እናፍላ እያልን። ለጌታ እራት ቄስ በድብቅ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ማኅበሩ ይጠፋል ብለን ፈርተን ነበር። ሲከፈት ሕዝቡ በር ላይ አልበቃም።

ጉዲና ቱምሣን ያነሣ የለም ወይ ከእናንተ? የቦጂ ልጅ አይደለም?

#12 የቢላው

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፣ የልጅ ልጅዎንም። ያልነው ሁሉ እርስዎ በጻፉት ያንሳል።

ልክ ነዎት፣ ቄስ ጉዲናን መተው አይቻልም። በ1929 ቦጂ ተወለዱ። ነጆ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር (የሕክምና ረዳት) ሆነው ሠርተዋል፣ ቄስ ሆነዋል። በ1960ዎቹ አሜሪካ ሚኔሶታ ሉተር ሴሚናሪ ተምረው ተመልሰው የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው በጥር 1959 ነው፤ ያን ጊዜ አባላቷ ሃያ ሺህ ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ናቸው፣ በዓለም ካሉት ሉተራዊ አብያተ ክርስቲያናት ከትልልቆቹ አንዷ።

እኔ ስለ እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፣ ምክንያቱም ከገጠሩ ማኅበር ጋር ቀጥታ ይያያዛል። በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ረጂዎች ደብዳቤ ጻፈች፤ ከጀርባው እሳቸው አሉ። ረጂዎቹ ያን ጊዜ ለጉድጓድ፣ ለክሊኒክ፣ ለእርሻ ገንዘብ ይሰጣሉ። ለወንጌላዊ ደመወዝ፣ ለጸሎት ቤት ሲባል እጃቸውን ይሰበስባሉ። ደብዳቤው በጨዋ ቋንቋ "ሰውን ለሁለት አትክፈሉት" ነው ያላቸው። ሥጋውን አብልታችሁ ነፍሱን አትተዉ፣ ነፍሱን ሰብካችሁም ሥጋውን አትርሱ። ይህ ሐሳብ ቢሮ ውስጥ የተፈጠረ አይመስለኝም። ቦጂና ነጆ ላይ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ አጥር ግቢ ውስጥ ነው ያሉት። እዚያ ያደገ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ጁላይ 28 ቀን 1979፣ አዲስ አበባ ዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። የት እንደደረሱ ለዓመታት አልታወቀም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ተሠቃይተው አሥር ዓመት ገደማ ታስረዋል።

#13 ሚኔሶታ_ብርዱ

ከዚህ ከሚኔሶታ ነው። እዚህ የወለጋ ልጆች በዝተናል፤ በኦሮምኛ የሚያመልኩ ሉተራን ማኅበራት አሉን። ቄስ ጉዲና የተማሩበት ሴሚናሪ ሴንት ፖል ነው፣ ለእኛ ቅርብ ነው።

ያልተነሣ ነገር ላንሣ። በ2013 መካነ ኢየሱስ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ ትልቋ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ምክንያቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ነው። እኛን መሃል ላይ ነው ያስቀመጠን። ብዙዎቻችን የምናመልከው በእነዚሁ አሜሪካውያን ሕንፃ ውስጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት አንድ ሲኖዶስ፣ የልባችን ሲኖዶስ ሌላ። አንዳንዱ ማኅበር ወጣ፣ አንዳንዱ ቆየ፣ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ተከፋፈለ።

እኔ በውሳኔው ላይ እዚህ መከራከር አልፈልግም። አንድ የታዘብኩት ግን አለ። ክሩ የተከፈተው "ቅርንጫፍ ናቸው" በሚል ወሬ ነው። ቅርንጫፍ ግንዱን "በቃኝ" አይለውም።

#14 ዘ_እንጦጦ

ይህችኛዋ ጥሩ መልስ ናት 👏

#15 ጥያቄ_አለኝ

ስዊድኖቹ ምን አሉ?

#16 ሚኔሶታ_ብርዱ

አዘኑ፣ በሩ ክፍት ነው አሉ። ገጠር ያለው ምዕመን ግን ከውሳኔው ይልቅ ያሰበው የቆየ ወዳጅነቱን ነው። አባቴ ስልክ ላይ የጠየቀኝ "ሐኪሞቹስ ተቀየሙን?" ብሎ ነው።

#17 አወያይ

የጋብቻውን ጉዳይ እዚህ ላይ እናቁመው። ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ። ስለ ቦጂና ስለ ወለጋ ማኅበራት ቀጥሉ። ስድብ የሚጽፍ ሰው ይታገዳል።

#18 ጥያቄ_አለኝ

እሺ ወደ ገጠር ልመልሳችሁ። አማርኛ ነበር የተማርኩት ብለዋል እማማ። መጽሐፍ ቅዱሱ ኦሮምኛ ሆኖ ለምን አማርኛ?

#19 የቢላው

ሕግ ነው። በ1944 ስለ ሚሲዮኖች የወጣ ድንጋጌ ነበር። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ነው አለ፤ የአካባቢው ቋንቋ ለጅምሩ፣ በቃል፣ ያውም ተማሪው አማርኛ እስኪችል ነው። ሚሲዮናውያኑም አማርኛ ይማሩ ተባለ። የት እንደሚሠሩም ሕጉ ክልል አበጀላቸው፤ ኦርቶዶክስ የበዛበት ቦታ ዝግ ነው፣ ሌላው ክፍት።

ውጤቱ አስቂኝ ሆነ። የኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነበር፣ ሽማግሌዎች ያነቡታል። ትምህርት ቤት የገባው ትውልድ ግን መዝሙሩን በአማርኛ ነው የያዘው። ዛሬ ቦጂ ላይ የስድሳ ዓመት ሰው በኦሮምኛ ሰብኮ በአማርኛ መዝሙር ሲዘጋ ብትሰማ አትደነቅ። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ መጻፍ ጀመረ፤ አሁን ደግሞ ልጆቹ የአያቶቻቸውን የግዕዝ ፊደል ኦሮምኛ ለማንበብ ይቸገራሉ። በአንድ ቤት ሦስት ትውልድ፣ ሦስት ዓይነት ንባብ።

#20 አይራ_ቀበና

እኛ ቤት በትክክል እንዲህ ነው። አባቴ የድሮውን ያነባል፣ እኔ አማርኛውን፣ ልጄ ቁቤውን። ለቤት ጸሎት ማን ያንብብ በሚለው ሁሌ ክርክር ነው። አብዛኛውን ጊዜ እናቴ በቃሏ ትለዋለች፣ ያልቃል።

#21 ሚኔሶታ_ብርዱ

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ተግባራዊ ነው። እህቴ እዚህ ልጅ ወልዳለች። በገና ወደ አገር ቤት ስትሄድ አያቶቹ ባሉበት ማኅበር ይጠመቅ ትላለች። ባሏ የሙሉ ወንጌል ልጅ ነው፣ ሕፃን መጠመቁን አይወድም። ይቻላል? ምን ይጠየቃል?

#22 ትምህርተ_ሰንበት

በአጭሩ፦ መጀመሪያ ባልና ሚስቱ ይስማሙ። እኔ በማውቀው ማኅበር ሽማግሌዎቹ አንዱ ወላጅ ሳይፈልግ ልጅ አያጠምቁም፤ ቤት አናፈርስም ይላሉ። ከተስማሙ እናቲቱ ከማኅበሯ የአባልነት ደብዳቤ ታምጣ። ክርስትና አባትና እናት የሚሆኑት ልጁን በእምነት ለማሳደግ ቃል ስለሚገቡ፣ በገና መጥቶ የሚመለስ ዘመድ ሳይሆን ልጁ የሚያድግበት አገር ያለ ሰው ቢሆን ይሻላል። ቄሱ ከጥምቀቱ በፊት ወላጆቹን ያነጋግራል። ቀኑን አስቀድማችሁ ያዙ፣ ገና ላይ ሠርግም ጥምቀትም ይደራረባል። ባልየውን ደግሞ አትጫኑት፤ ካልሆነ ልጁን በጸሎት ይባርኩታል፣ ይህም ይደረጋል።

#23 ዳግም_ልደት

ባልየውን ወደ እኔ ላኩት 😄

#24 ሚኔሶታ_ብርዱ

@ዳግም_ልደት አንተማ አይሆንም! @ትምህርተ_ሰንበት አመሰግናለሁ ወንድሜ። ደብዳቤውን ከዚህ ማኅበር እጠይቅላታለሁ። በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ?

#25 ትምህርተ_ሰንበት

በኦሮምኛ ይሁን። ማኅተም አይርሱ።